እማዬን ለማንሳት

ይድረስ ለጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትህን እጠይቃለሁ። ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተወህ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ልጅ መውለዳችሁን የሰማሁት ከሰው አፍ ነው፤ ቅር ቢለኝም ደስ ብሎኛል፣ እግዜር ያሳድግላችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ክንዴን ብታየው ትደነግጣለህ፤ የድሮ ቀሚሶቼ እጅጌ አላስገባ ብሎኛል። አድራሻህን የሰጠኝ አብሮህ ይሠራ የነበረው ሾፌር ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ስጠይቀው አላውቅም ሲለኝ ኖሮ፣ ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ፊቴን ሲያይ ሳልጠይቀው ጽፎ ሰጠኝ።

የእማዬን ነገር ሳላነሳ ስለ ክንዴ ማውራቴ አይግረምህ። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን የሠራሁትን ልናዘዝ፤ ከአንተ ሌላ የምናዘዝለት ወንድም የለኝም።

አንተ በሩን ወርውረህ ዘግተህ ከሄድክ በአራተኛው ዓመት እማዬን ግራ ጎኗን ያዛት። አፏ ደህና ነበር፣ ተረቧም አልተነካም፤ እጅና እግሯ ግን እምቢ አሉ። ታውቃታለህ፣ ሃያ ዓመት የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ሆና ትልልቅ ድስት ስታወርድ የኖረች ሴት ናት፤ ሰባ አንድ ኪሎ ትመዝን ነበር። እኔ ላውንደሪ የሰው ልብስ ሳጥብ ስውል የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ትጠብቃታለች። ገላዋንም የምታጥባት እሷ ነበረች፤ እማዬ ራቁቴን ልጄ አታየኝም ብላ ምላለች።

አንድ ቀን ከአልጋ ወደቀች። ላነሳት ብል አቃተኝ። እጄን በብብቷ ስር ከትቼ ብጎትት እኔው ላይዋ ወደቅኩ። አጠገቧ ተቀምጬ ሳለቅስ፣ እሷ ድስት ውስጥ ብሆን በጭልፋ እያወጣሽ ትጨርሺኝ ነበር ብላ ሳቀችብኝ። ሰው እስኪመጣልን ሁለት ሰዓት ወለል ላይ ቆየን። ይህን የሰማችው የጤና ጣቢያ ነርስ ቁርጡን ነገረችኝ፤ በሦስት ወር ውስጥ እማዬን ብቻዬን ከወለል አንስቼ አልጋ ላይ ማስተኛት ካልቻልኩ መጦሪያ ቤት ትገባለች፣ ያን ቀንም ራሷ መጥታ በዓይኗ እንደምታይ አስታወቀችኝ። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እዚያ እኮ ንጹሕ ክፍል አለ፣ ሐኪምም አለ ብላት፣ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም አለች። ለምን ስላት ሻይ አፍዪልኝ አለችኝ።

ከላውንደሪው ጀርባ ድሮ ጋራዥ የነበረ ጂም አለ። አሰልጣኙ መጀመሪያ ሲያየኝ በር ተሳስቼ የገባሁ መስሎት ነበር። ምን ማንሳት እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ እናቴን አልኩት። ከዚያ በኋላ አልቀለደብኝም። ጠዋት ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት፣ ማታ ሲመሽ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አሠራኝ። ጉልበትሽን እንጂ ወገብሽን አትጠቀሚ እያለ ይጮህብኛል። ብረቱ ግማሹ ነው፣ ግማሹ ሳህንሽ ላይ ነው፣ ፕሮቲን ካልበላሽ ያለሽን ሥጋ ራሱ ትጨርሺዋለሽ አለኝ። እኔም በላሁ። በቀን ስድስት እንቁላል፣ ምስር፣ ዓሣ፣ ወተት፣ የዶሮ ሥጋ። ቤታችን እንቁላል እንቁላል ሸተተ። እማዬ በዚህ አያያዝሽ ጎህ ሲቀድ መጮህ ትጀምሪያለሽ ትለኛለች። የእሷንም ድርሻ ሁሌ ለይቼ አስቀምጥ ነበር፤ ማታ ስመጣ ሳህኑ ባዶ ነው። እራት ላይ ግን ቀን አብዝቼ በላሁ ትልና የራሷን ዓሣ ወደ እኔ ትገፋዋለች። ብዪ፣ ያ የአንቺ ጡንቻ ነው የሚበላው ትለኛለች። እኔም እበላው ነበር ጋሼ። ርቦኝ ነበርና እበላው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ራሴን የምፈትነው በእሷ ነበር። ፍራሽ ወለል ላይ አነጥፍና አስተኛታለሁ፣ ከዚያ ላንሳሽ እላታለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከፍራሹም አልተላቀቀች። በአራተኛው እስከ ጉልበቴ መጣች። በስምንተኛው አልጋው ጠርዝ ላይ አደረስኳት። ሁለታችንም በደስታ ጮኽን፤ ጎረቤታችን ምን ሆናችሁ ብላ ሮጣ ወጣች። ጂም ሄጄ ለአሰልጣኙ ሳወራለት ግንባሩን አኮማተረ። ብረቱ ላይ ከአርባ አምስት ኪሎ ፈቀቅ አላልሽም፣ ታዲያ ሰባ ኪሎ ሰው እንዴት አነሳሽ አለኝ። ሰው እንደ ብረት አይደለም፣ ሰው ይተባበራል ብዬ መለስኩለት።

እዚህ ላይ እንዳልዋሽህ። አላየሁም ብል እዋሻለሁ። በረደኝ እያለች ሁለት ሹራብ ደራርባ ትለብስ ነበር፤ የእጅ አንጓዋ ግን ከሹራቡ ወጥቶ ይታየኛል። ቀለበቷ ከጣቷ ወልቆ አንሶላ ውስጥ ሁለት ጊዜ አግኝቼዋለሁ። ሆዴ ያውቅ ነበር። ግን በየቅዳሜው እየበረታሁ ነው ማለት ጣመኝ። በሕይወቴ አንድም ነገር በርትቼ አላውቅም፤ ጉልበቱ የአንተ ነው፣ እኔ ቀጭኗ ነኝ ሲባል ነው ያደግሁት።

ነርሷ በቀጠሮዋ መጣች። እማዬን ከወለል ብድግ አደረግኋት፤ እንደ ሕፃን አልጋዋ ላይ አስተኛኋት። ትንፋሼ እንኳ አልተቆራረጠም። እማዬ በደህናው እጇ ጭኗን እየመታች አጨበጨበችልኝ። ነርሷ ግን ምንም አልጻፈችም። ሚዛን አውጥታ ወለል ላይ አስቀመጠችና እማዬን እንደታቀፍኳት እንድቆምበት አዘዘችኝ። መቶ ስምንት። ከዚያ ብቻዬን ቁሚ አለችኝ። ስልሳ አምስት። ነርሷ እንደገና አስቆመችኝ፤ ያው ነው። አርባ ሦስት ኪሎ ነበረች፣ ጋሼ። ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆማ ነበርና እሪ አለች። እማዬ በየቀኑ ምሳዬን ለልጆችሽ ውሰጂ ትላት ነበር፤ ለልጄ ብትነግሪ ዓይንሽን አላይም ብላ አስምላታለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔን ለመሳደብ የተተረተ መሰለኝ።

ሆስፒታል በቱቦ ሊመግቧት ሞከሩ፤ ሰውነቷ ግን ምግብ መቀበል እምቢ አለ። ለምን እንዲህ አደረግሽኝ እያልኩ ስጮህባት እንኳ አላዘነችብኝም። አንቺ ወደ ላይ ስትወጪ እኔ ወደ ታች ብወርድ መሃል ላይ እንገናኛለን ብዬ ነው አለችኝ። መጦሪያ ቤት ብትገቢ እኮ ትኖሪ ነበር ስላት፣ ያ ግትር ወንድምሽ አንድ ቀን ይመጣል፣ የሚያውቀው ይሄን በር ብቻ ነው፣ መጦሪያ ቤቱን ማን ያሳየዋል አለች። ያን ቀን ጠላሁህ። የምደብቅህ ነገር የለኝም፣ አምርሬ ጠላሁህ። ከዚያ ደግሞ ዓሣዋን የበላሁት እኔ መሆኔ ትዝ ሲለኝ ጥላቻው የሚያርፍበት አጣ።

ለአንተ ንገሪው ያለችኝን እንዳለችው ልጻፍልህ፤ ቃል በቃል አስጠንታኛለች። ሚስትህን ሳላውቃት ጠላኋት፣ ይቅር ትበለኝ፤ አንተ የበደልከኝን ረስቼዋለሁ፣ እኔ የበደልኩህን ተውልኝ፤ የወለድከው ይባረክ፣ ክንድህ አይዛል፣ ደጅህን የሚረግጥ አትጣ። ይህን ስትል ድምፅዋ እዚያው አልጋው ላይ ነበር የሚቀረው፤ ጆሮዬን አፏ ላይ ለጥፌ ነው የሰማሁት።

ሆስፒታል በገባች በሃያኛው ቀን ጠዋት ሁለት ወንዶች ወደ አስከሬን ክፍል ሊወስዷት ባለ ጎማ አልጋ ይዘው መጡ። እባካችሁ ፈቀቅ በሉልኝ አልኳቸው። አንደኛው ከባድ ነው እህቴ፣ እናግዝሽ አለኝ። አያስፈልግም አልኩት። ራሴ አነሳኋት፣ ራሴ አስተኛኋት፣ ነጠላዋንም ራሴ አለበስኳት።

ጂም መሄዱን ትቻለሁ። እንቁላል ሲጠበስ ከሸተተኝ እወጣለሁ። ክንዴ ግን እንዳለ ነው፤ ምን እንደማደርግበት አላውቅም።

ጋሼ፣ ና። ሚስትህንና ልጅህን ይዘህ ና። ግን ተጣድፈህ አትምጣ። ልጁ ትንሽ ነው፣ መንገዱም ረጅም ነው፤ እያረፋችሁ ኑ። ከእንግዲህ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ሰላም ያግባህ።

ታናሽ እህትህ