ግድግዳው ከኔ ቀድሞ ጨረሰ

ወልዴ፣

ከጭነት መኪናው ጋር ወደ ሮቤ ወጥቻለሁ፣ ቅዳሜ እመለሳለሁ። ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለ። ላምባ አልቋል፣ ተራው ያንተ ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው።

ብርድ ገባ ብለህ ጋዜጣ መለጠፍህ ደግ ነው። ጋዜጣው ሲያልቅብህ ግን የማነበውን ልብ ወለድ የመጨረሻ ቅጠል ገንጥለህ በዱቄት ሙጫ ትለጥፋለህ? ስጠይቅህ ደግሞ "እኔኮ ጨርሼዋለሁ" ትለኛለህ።

እኔ አልጨረስኩማ!

አምና መሠረተ ትምህርት ገብቼ ስሜን መጻፍ ቻልኩ። ዘንድሮ ጭነት ላይ ተቀምጬም፣ ጎሚስታ ቤት ተራ ስጠብቅም፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። እንደዚህኛው የያዘኝ የለም። ልጅቷ ትሂድ ትቅር ሳላውቅ ግድግዳችን ከኔ ቀድሞ ጨረሰ። የቅጠሉን ፊት አልጋህ ላይ ቆሜ አነበብኩት፣ ጀርባው ጭቃው ላይ ተጣብቋል። በቢላ ልፍቀው ስል ጭቃው ተፈረፈረ።

ማታ ንፋስ ከገባብህ ጋቢዬን ደርብ። ምንም አልልም።

መጽሐፉ የዙቤዳ ነው። ስታውሰኝ "ቅጠል ከጎደለ ሁለተኛ ደጄ እንዳትደርስ" ብላኛለች። እሷ ከዘጋችብኝ ደግሞ ማን ያውሰኛል?

"ልንገርህና ይውጣልህ" ማለትህንም ተው። ዓመቱን ሙሉ በዓይኔ አንብቤ ባንተ አፍ አልጨርስም።

ቅጠሉን በሞቀ ውሃ አርሰህ ቀስ ብለህ አንሳው። እጅህ ሻካራ መሆኑን ስለማውቅ ይሄን ወረቀት መስተዋትህ ላይ በራስህ ሙጫ ለጥፌልሃለሁ። መጀመሪያ በሱ ተለማመድ።

ጉደታ