ሸራ ጫማዬን ጥቁር ስነክር

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ጥቁር የለም። ገበያውን ሁለቴ ዞርኩት፤ በእግሬ ልክ ያለው ሸራ ጫማ ነጭ ብቻ ነው። ሰኞ ሆቴል ውስጥ ሥራ እጀምራለሁ። የሆቴሉ ኃላፊ ቁርጡን ነግራኛለች፦ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ጫማ፤ አለዚያ እንዳትመጪ። ሸሚዝ አለኝ። ቀሚሱን አክስቴ ሰጠችኝ። የቆዳ ጫማ እንደሆነ ዋጋው አይቀመስም። ነጩን ሸራ ገዛሁና አንድ ፓኬት ጥቁር የልብስ ቀለም ጨመርኩ። ራሴ እነክረዋለሁ። ምን ይከብዳል?

እማዬ ጫማውን ዞር ብላም አላየችው። "ገበያ ላይ ከመተማ የመጣ ሰው አላገኘሽም?" ብቻ አለችኝ። አላገኘሁም። ወንድሜ ደሳለኝ ለሰሊጥ አረም መተማ ከወረደ ወዲህ የደወለው አንዴ ነው፤ እሱም ሰኔ ላይ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝግ ነው። ቤት ውስጥ ስሙን መጥራት ትተናል። "ከመተማ የመጣ ሰው" ነው የምንለው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

እማዬ ለፍልሰታ ቅዳሴ እንደወጣች ጀመርኩ። ማሰሪያውን ፈታሁ፣ ጫማውን በሳሙና አጠብኩ፣ የጎማውን ጠርዝ ቀለም እንዳይዘው ቫዝሊን ቀባሁት። ቀለሙን ከጨው ጋር ግቢ ውስጥ አፈላሁና ጫማውን ከተትኩት።

ጥፋቴ፦ የድሮው ጣሳ ስለሚያፈስ የእማዬን ትልቁን ድስት ወሰድኩ። የምትሳሳለትን። ጠርዙ ገና ካሁኑ ጠቁሯል፤ በአመድ ብፈትገው፣ በሳሙና ብፈትገው ወይ ፍንክች። ጭሱም ዓይኔን አቃጠለው፣ እኔም ተናደድኩ፣ እንባዬ ወረደ።

ልክ በዚህ መሀል ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ እሳት ሊጭሩ ገቡ። ጫማው ቀለሙ ውስጥ ሰምጧል፣ አይታይም። ድስቱን አዩ። እስከ ክርኔ የጠቆረውን እጄን አዩ። "ምነው ልጄ፣ ምን ሆናችሁ?" አሉ።

እኔ የታሰበኝ ድስቱ ብቻ ነው። "እትዬ ዘነቡ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ! ራሴ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ" አልኳቸው። ደረታቸውን ይዘው "እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ" ብለው፣ እሳቱንም ሳይወስዱ ወጡ። ምን ዓይነት ደግ ሴት ናቸው።

ጫማው ሲወጣ አመድማ ሆኗል። የፈላ ቀለም ውስጥ በመክተቴ ማስቲሹ ለቆ የግራው ሶል አፉን ከፍቷል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ዛሬ በዘዴ። ለብ ያለ ቀለም፣ የድሮ ጥርስ ብሩሽ፣ ሦስት ጊዜ ደረብኩበት። ሶሉን በማስቲሽ አጣብቄ ድንጋይ ጫንኩበት። ስፌቱ ቀለም አልቀበል ስላለ ክሩን አንድ በአንድ በማርከር አጠቆርኩት። ጠቆረ! ምድጃው አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ድስቱ ከአልጋዬ ሥር ነው።

ቦኖ ውሃ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። አንዷ ተራዋን ለቀቀችልኝ። እዚያ ቦኖ ላይ ተራ የለቀቀልኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ሥራ መያዜን ሰምተዋል ማለት ነው። ኮራሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9



ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። የነፍስ አባታችን፣ አጎቴ፣ እትዬ ዘነቡ፣ ሌሎችም ከኋላ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በዚህ ሰዓት እንዲህ ሆነው የሚመጡት መርዶ ሊያረዱ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። እማዬ ከመኝታዋ ቀና ብላ አየቻቸው። ማንም አፉን ሳይከፍት "ደሳለኝ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ያለችው ሁሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በኽምጣንጋ ነው፤ ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋታል። እኔም እውነት መስሎኝ አብሬያት ጮህኩ።

አጎቴ ናቸው ትከሻዬን ይዘው "አንቺስ ከማን ሰማሽ?" ያሉኝ።

"ምኑን?"

"የወንድምሽን ነዋ። ጥቁር ስትነክሪ ታይተሻል። ለእናቴ እንዳይነግሩ ብለሻል።"

እግዚኦ! ሮጬ ጫማውን አመጣሁ። ድስቱንም ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ አወጣሁ። "ይኸው! ጫማ ነው! የሥራ ጫማ! እንዳይነግሩ ያልኩት ድስቱን ነው!" የነፍስ አባታችን ጫማውን ተቀብለው አገላብጠው አዩና "ሸራ ነው" አሉ። እትዬ ዘነቡ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ይሳቁ ያልቅሱ አላወቅሁም።

እማዬ አልሳቀችም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ስለ ድስቱ ብትቆጣኝ በተሻለኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። "አንቺ ምን አደረግሽ? ሰው ሁሉ በሆዱ የያዘውን ነው ያወጣው" አለች። ቆይታ ደግሞ "እኔም" አለች።

እኔስ? እኔም ሳላጣራ ጮኼያለሁ። አፈርኩ። ጫማው ደርቋል፤ ማየቱ አስጠልቶኝ ጥግ ወረወርኩት።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አንድ ወንድ እያለቀሰ "ማን ነው የሞተው? እማዬ ናት? ንገሪኝ!" ይላል።

ደሳለኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የእትዬ ዘነቡ የወንድም ልጅ እዚያው መተማ አረም ላይ ነው። እሳቸው ሐሙስ ዕለት ደውለው "እነ ደሳለኝ ቤት ጥቁር ተነክሯል፤ ልጁ እንዴት እንደሞተ አጣራልኝ" ብለውት ኖሯል። እሱ ከእርሻ እርሻ ሲያጠያይቅ ሟቹን ራሱን ሲያርም አገኘው። የደሳለኝ ስልክ ተሰርቆ ቁጥራችንም አብሮ ጠፍቶበት ነበር። እና "እኔ ካለሁ፣ የተነከረው ለማን ነው?" ብሎ ሊያብድ ደርሶ፣ እትዬ ዘነቡ ያኔውኑ ለወንድማቸው ልጅ ሰጥተውት በነበረው ቁጥራችን ደወለ።

"ማንም አልሞተም። የነከርኩት ጫማዬን ነው" አልኩት።

"ጫማ?"

"ሸራ ጫማ።"

የሰደበኝን እዚህ አልጽፈውም። እማዬ ስልኩን ነጠቀችኝ። ስሙን ብቻ ደጋግማ ትጠራለች። እኔ ወጥቼ ግቢ ውስጥ አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

የሥራ መጀመሪያ ቀን። መንገድ ላይ ዝናቡ ያዘኝና ቀለሙ ለቀቀ፤ ካልሲዬም እግሬም ጠቆረ። ጫማው ግን ጥቁር ነው፣ ሶሉም ይዟል፣ ኃላፊዋም ምንም አላለችኝም።

ደሳለኝ የደወለው በሰው ስልክ ነው። የራሱን እስኪያገኝ እንደገና መቼ እንደሚደውል አይታወቅም። ስገባ እማዬ በዚያው በጠቆረው ድስት የእግር ውሃ አሙቃ ቆየችኝ። እግሬን ስታጠብ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ውሃው ሲጠቁር ታየዋለች።

"ሌላ የሚነከር ጫማ የለሽም?" አለችኝ።