ወዛደሩ ወይስ ጥንቸሏ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 1979

ሙቀት። ዛሬ ከቀበሌው ንባብ ቤት መጽሐፍ የተዋሰ የለም። የመለሰ አንድ፤ እሱም ሽፋኑን አስቀርቶ። ከእኔ ሌላ የዋሉት ዝንቦች ናቸው። ዝንቦቹም ቀይ ሽፋን አይወዱም።

በዛብህ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ተጫውቶ አንድ ጫማ ይዞ ገባ።

"ሌላኛውስ?"

"እትዬ፣ ተጋጣሚያችን ማረከው።"

አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ወንድሜ። እናታችን ካረፈች ወዲህ እናቱም አባቱም እኔው ነኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ፣ ውጤት አልመጣለትም። ሥራም የለው። በቀበሌው አነጋገር "ዝግጁ" ነው ማለት ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኮታ መጣ። ለብሔራዊ ውትድርና። የኮታው ግማሽ በታኅሣሥ፣ ግማሹ በጥር ይሄዳል። ማን እንደሚሄድ የሚቆርጠው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ዘገዬ ነው።

ጎረቤቴ ዘነበች በአጥር ላይ ብቅ አለች፤ የጆሮ ወርቋ ከፊቷ ቀድሞ። እሷም ሊበን የሚባል ልጅ አላት፤ የበዛብህ እኩያ ነው።

"ሰውየው ገንዘብ አይነካም አሉ። ውስኪም መለሰ።"

"ታዲያ ምን ይነካል፣ እትዬ ዘነበች?"

"እሱ እኮ ነው የጨነቀን!"

ንጹሕ ሰው ነው ማለት ነው… ከንጹሕ ሰው ይሰውረን።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ስብሰባ። ርዕሱ ኮንትሮባንድ። ጓድ ዘገዬ ባቡር ጣቢያ ተይዞ ያየውን "የኢምፔሪያሊዝም መጫወቻ" አወገዘ። መዳፍ የምታህል ነገር ናት አለ፤ መስተዋት አላት፣ በውስጧ ሰው ይሮጣል። ጌም ይሏታል።

"ወጣቱን ታፈዛለች!"

እንዴት እንደምታፈዝም አስረዳን። የቀኙ ቁልፍ ምን እንደሚሠራ፣ የግራው ምን እንደሚሠራ… መቶ ነጥብ ላይ ሲደረስ ሩጫው እንዴት እንደሚፈጥን… መቶ ላይ እንዴት ሊደርስ ቻለ? ሲናገር ሁለቱ አውራ ጣቶቹ አየሩን ይጫኑ ነበር።

ዘነበችን አየኋት። እሷም አየችኝ። ከዚያ ሁለታችንም መፈክሩን ከወትሮው አብልጠን ጮህን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

መጋላ ገበያ ወረድኩ፣ ነጋዴዋ ሃሊሞ ጋ። ከጅቡቲ በባቡር ጨርቅና ሽቶ ታመጣለች። ከጨርቁ ሥር የሚመጣውን አንጠይቅም። ዛሬ ግን ጠየቅኩ።

"አባዮ፣ እህቴ፣ ጌም ለልጅ ነው?"

"ለሊቀመንበር።"

"ወላሂ፣ እነሱ ከልጅም ይብሳሉ!" ሳቀችና ሦስት አወጣች።

አንደኛዋ እንደ ዱቄት መኳያ የምትከፈት ናት፣ ባለ ሁለት መስተዋት። ዋጋዋን ስሰማ ራሴ ከደንኳት። ሁለተኛዋ ውስጥ ጥንቸል አለች። ካሮት ትሰበስባለች፣ ቀበሮ ያባርራታል። ባትሪ የላትም፤ ግንባሯ ላይ ባለው ጥቁር መስተዋት ፀሐይ ትበላለች። የወር ደሞዜን ትበላለች ብል ይሻላል። ሦስተኛው ኩሊ ነው። ከመርከብ የሚወረወርለትን ከረጢት እየሮጠ ይቀልባል፤ ሦስት ከወደቀበት አለቀለት። የጥንቸሏ ግማሽ ዋጋ።

"ጥንቸሏን ውሰጂ" አለች ሃሊሞ። "የኩሊው ባትሪ ምስር ነው የሚያክለው፣ ድሬ ውስጥ የለም። እኔ ካላመጣሁ የለም። ፀሐይ ግን… እዪዋ!" በሩን አሳየችኝ። ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ግድግዳ ታክኮ ይሄድ ነበር።

ቆሜ አሰብኩ። መጽሐፍ በመደብ ይዘቱ ስለይ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሴት ነኝ። ጥንቸሏ የምን መደብ ናት? ለግሏ ካሮት የምታከማች። ቀበሮውስ ማንን ይወክላል ብሎ ቢጠይቀኝ? ኩሊው ግን ጥርት ያለ ወዛደር ነው። ይሸከማል። ከላይ ይጥሉበታል። ማን አባቱ ያወግዘዋል? ደግሞም ርካሽ ነው። ለርዕዮተ ዓለምም ለኪስም የሚስማማ ነገር ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ኩሊውን ገዛሁ። ሃሊሞ ጥንቸሏን ስትጠቀልል "የተማረ ሰው…" አለች። ለእኔ አልነበረም የምትነግረው፣ ለጥንቸሏ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ቀበሌ። በሩን ዘጋሁት።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ጠላትን ለማጥናት ይረዳዎት እንደሆነ ብዬ…"

ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው። "ይኼ ሰውዬ ሥራው ምንድን ነው?"

"ወደብ ላይ ጭነት ያራግፋል።"

"ወዛደር!"

"ወዛደር።"

"ማኅበር አለው?"

"እስካሁን አላየሁም፣ ጓድ።"

መሳቢያው ተከፈተ፣ ተዘጋ። "ወንድምሽ እንዴት ነው?"

"ሳንባውን ትንሽ ያመዋል።"

"ይታከም። ይታከም እንጂ!"

ወጣሁ። እስከ ቤቴ ድረስ ኮርቼ ሄድኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

የታኅሣሦቹ በጭነት መኪና ወደ ሁርሶ ማሠልጠኛ ሄዱ። በዛብህ የለበትም። እናቶቹ መኪናውን ተከትለው እስከ አስፋልቱ ሮጡ። እኔ መስኮት ዘጋሁ።

"እትዬ፣ ስንት አወጣሁ?"

"ከጥንቸል ታንሳለህ።"

"ካሮቱን ጨምረሽ?"

ሳቅን። የሊበን ተራ በጥር ነው አሉ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

የስኳር ሰልፍ፣ ቀበሌ ግቢ። የሚፈርምልን ሊቀመንበሩ ነው። ከበሩ ጀርባ ጢጥ… ጢጥ… ጢጥ…

"ጓድ ሥራ ላይ ናቸው" አለ ዘበኛው ዓዋሌ።

ፀሐይ አናታችን ላይ። ጢጥጢጥጢጥ… ከዚያ አንድ ረጅም ጩኸት፣ ቀጥሎም ለጓድ የማይመች ስድብ።

"ወደቀበት" አሉ ከኋላዬ ያሉ አሮጊት። ሰልፉ በሙሉ ከልቡ አዘነ። ሲወድቅበት ስኳር ይቀንሳል።

ዘነበች ከፊቴ ነበረች። ዘወር ሳትል "የበዛብህ ሳንባ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ይሻለዋል።"

"ጥሩ ሐኪም አግኝተሽ ነው።"

ማክሰኞ፣ ጥር 5

ጓድ ዘገዬ ንባብ ቤት መጣ። በታሪክ የመጀመሪያው። ዝንቦቹ እንኳ ተነሡለት።

"ጓዲት አስካለማርያም፣ ወዛደሩ ደክሟል።"

አየሁት። ኩሊው መስተዋቱ ውስጥ ፈዟል፤ ሲሮጥ የሚታየው ጥላው ነው። ከረጢቱ ግን እንደ ጉድ ይወርዳል።

"ባትሪው ነው፣ ጓድ።" አውጥቼ አስቀረሁት።

"ይምጣለት።" ኩሊውን መልሶ ኪሱ ከተተና በሩ ላይ ቆመ። "የጥር ምልመላ ደርሷል። ሳንባውስ… ዳነ?"

ረቡዕ፣ ጥር 6

ሃሊሞ የለችም። ሱቁ ውስጥ እህቷ ፋዱማ ብቻ። ፍተሻ በርትቷል፣ ሃሊሞን ደወሌ ጠረፍ ላይ ከነዕቃዋ ይዘዋታል። መቼ እንደምትፈታ አላህ ያውቃል።

የደከመውን ባትሪ ይዤ ሰዓት ሠሪው መሐሙድ ጋ ሄድኩ። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አየ። "ይኼን ባትሪ የሚበላ ሰዓት ድሬ ውስጥ አንድ ነው።"

"የማን?"

"የእኔ። ቆሟል።"

ተመልሼ ፋዱማ ጋ። ይሁን፣ ደሞዜንም እበደራለሁ፣ የእናቴንም ቀሚስ እሸጣለሁ… "ጥንቸሏን ስጪኝ።"

"ጥንቸሏማ ሄደች።"

"ማን ገዛት?"

"አንዲት ሐበሻ። የጆሮ ወርቋን እዚሁ አውልቃ ሰጠችን።"

ሌላ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ቀን እንዲጨምርልኝ ልለምን ሄድኩ። ቢሮው መስኮት ላይ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት፣ እንደሚደርቅ በርበሬ ተሰጥታለች። ጥንቸሏ።

ጓድ ዘገዬ ቀና አላለም። "ባትሪ አትፈልግም። የአገራችን ፀሐይ ይበቃታል። ራስን መቻል ማለት ይኼ ነው!"

አፌ አልያዝ አለኝ። "የመደብ መሠረቷስ፣ ጓድ?"

ጥንቸሏን ወደ ፀሐይ አዞራት።

"ገበሬ ናት።"

እኔ ነኝ መጽሐፉን ያነበብኩት፤ የገባው ግን ለእሱ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 20

በዛብህን ወሰዱት። ሁለቱንም ጫማ አድርጎ ነበር፤ ሁለተኛውን ከተጋጣሚዎቹ አስመልሶ። መኪናው ላይ ሆኖ ጮኸልኝ፦

"እትዬ! ሳንባዬ ድኗል አሉ! እንኳን ደስ ያለሽ!"

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። ሊበን አጥራቸው ሥር ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ዘነበች በሻሽ ጆሮዋን ሸፍናለች።

እስከ አስፋልቱ ሮጥኩ። ለካ እግር ራሱ ነው የሚሮጠው።

እሑድ፣ ጥር 24

የሕገ መንግሥቱ ሕዝበ ውሳኔ። ሁለት ነገር ሲቀርብልኝ መምረጥ እንደማላውቅ መንግሥትም ሳይሰማ አልቀረም። የቱን እንደምመርጥ ዓዋሌ ነገረኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ጓድ ኩሊውን በዓዋሌ እጅ መለሰልኝ። "የንባብ ቤቱ ንብረት ስለሆነ" ብሎ። ንጹሕ ሰው አላልኩም?

መስተዋቱን አዘንብዬ አየሁት። መርከቡ በቀለም የታተመ ስለሆነ አለ። ወደቡም አለ። ሰውየው የለም። የወዛደር ንቅናቄ የሚለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ቦታው ሰፊ ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 20

ዘነበች መጣች። ንባብ ቤት። ማንበብ እንደማትችል ሁለታችንም እናውቃለን። አንድ ወፍራም መጽሐፍ አንሥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

"ምን ላድርግ ነበር፣ አስካለ?"

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ስንት ሌሊት የተለማመድኩት… ጠፋብኝ።

"ምንም። ደህና መርጠሻል።"

"የአንቺን ልጅ ብዬ አይደለም…"

"አውቃለሁ። ኮታው ነው።"

አለቀሰች። መጽሐፉ ላይ። ንባብ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ሰው ያለቀሰበት የመጀመሪያው መጽሐፍ ይሆናል። ላባብላት እጄን ዘረጋሁ… መለስኩት። ገና ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 13

ሁርሶ። በር ላይ ከእናቶች ጋር ፀሐይ ስንበላ ዋልን። እንደ ጥንቸሏ፤ እኛ ግን አልሠራንም። መጨረሻ ላይ ልጆቹን ለትንሽ ጊዜ አወጡልን። የበዛብህን ጭንቅላት ላጭተውታል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ጆሮው ትልቅ ኖሯል፣ አላውቅም ነበር።

"ምን ያሠሯችኋል?"

"ከረጢት። አሸዋ ሞልተን እንሸከማለን። እንደዚያ ኩሊሽ።"

"ከወደቀብህስ?"

"ሦስት ጊዜ አይጠብቁም፣ እትዬ።"

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ወደ ሰሜን ይልኩናል ይባላል አለ። ወሬ ነው አለ። ዳቦውን እዚያው ቆሞ ጨረሰው። ጥላ የሚባል ነገር የለም እዚያ አገር። አንድ ግራር አየሁ፤ ሥሩ መኮንኑ ተቀምጧል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ሃሊሞ ተፈታች። ከስታለች፣ ጥርሷም ጎድሏል። ንባብ ቤት ድረስ መጣች። ከድርያ ቀሚሷ ጫፍ የተቋጠረ ነገር ፈታች፤ ምስር የሚያክሉ ሁለት ባትሪዎች።

"ሲይዙኝ አፌ ውስጥ ነበሩ። ለአንቺ ነው ያመጣኋቸው።"

"ሃሊሞ… ልጁ ሄዷል።"

ባትሪዎቹን አየች። እኔን አየች። "ወላሂ፣ ልውጣቸው ነበር" አለች። ገንዘብ ስሰጣት እጄን መልሳ ዘጋችው። እሷ ከሄደች በኋላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሳያቸው ዋልኩ። ሰው ይሸመትባቸው ነበር…

ሰኞ፣ ሚያዝያ 12

አዲስ ኮታ። ለግንቦት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 13

ደመና! ከትናንት ጠዋት ጀምሮ። ድሬ ቀዝቅዟል፤ ሰው ግድግዳ ትቶ በመንገዱ መሐል ይሄዳል፣ ሰላምታም ይረዝማል። ሁሉም ደስ ብሎታል። ዘነበች ብቻ ደጇ ላይ ቆማ ሰማይ ታያለች። አንገቷ እስኪደርቅ።

ዓዋሌ በንባብ ቤቱ በኩል ሲያልፍ ነገረኝ። ጥንቸሏ ከትናንት ጀምራ አልተነሣችም። ጓድ መስኮት ለመስኮት ይዘዋት ይዞራሉ። ትናንት ከሰዓት ስኳር አልፈረሙም። "ያ የዘነበች ልጅ የማነው ስሙ?" ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁ።

ደግ አደረጋት ልል ነበር። አፌ ውስጥ ገባ፣ ቀመስኩት… አልጣመኝም።

ወዛደሩን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ባትሪዎቹን አስገባሁ። ብድግ አለ፤ ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው። የመጀመሪያውን ከረጢት ቀለበ። ሁለተኛውን። ተጫውቼው አላውቅም ነበር እስከ ዛሬ። አጠፋሁት። አሁን ማባከን የለብኝም።

በአጥሩ ላይ ለዘነበች ሰጠኋት። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት፤ በሻሿ ጫፍ ጠቀለለችው።

"አስካለ… ይኼን ለእኔ?"

"ለደመና ቀን ነው፣ እትዬ ዘነበች። ፀሐይ ሲወጣ አጥፉት በያቸው ጓድን። ባትሪ የለም።"

"እግዜር ይግለጠው" አለች፣ ሰማዩን እያየች።

አሜን ማለት አቃተኝ። ደመናው ወደ ምዕራብ እየሄደ ነበር፣ ወደ ሁርሶ በኩል። ትንሽ ይቆይ። አንድ የተላጨ ራስ አለ እዚያ።