ሱቃቸውን እንጂ እጃቸውን ያልሸጡት ጋሽ ወስፌ

ሁላችሁም ጋሽ ወስፌ የምትሏቸው ታናሽ ወንድሜ፣ ከባቡር ጣቢያ ዘበኛው አባታችንና ከልብስ አጣቢዋ እናታችን በጥቅምት 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው የጫማ ስፌትን ከአጎታችን ቀሰሙ።

በ1968 ዓ.ም. ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ባለ አንድ በር ሱቅ ከፈቱ። በዚያው ዓመት ልብስ ሰፊዋን ባለቤታቸውን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሠፈሩን ሶል ቀየሩ። የጫማው ተረከዝ የተበላበትን አይተው ባለቤቱ በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ ይነግሩት ነበር።

ጉልበታቸው መመላለስ ሲያቅተው፣ መጋቢት 20 ቀን 2004 ዓ.ም. ሱቁን ለአንድ የጫማ ድርጅት ሸጡ። ሐሳባቸው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እየጠገኑ ማርጀት ነበር። ውሉ አሥራ አንድ ገጽ ነው። ዘጠነኛው ገጽ ሻጩ ለአምስት ዓመት በከተማዋ ውስጥ የጫማ ሥራ እንዳይሠራ ይላል። ምን ማለት እንደሆነ ብንጠይቅ የድርጅቱ ነገረ ፈጅ "የተለመደ ነው፣ አባቴ" አለን። ምስክር ሆኜ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ እጄን በቆረጠው።

ድርጅቱ ጥገናውን ዘግቶ አዲስ ጫማ ብቻ መሸጥ ያዘ። ወንድሜ ደጃፋቸው ላይ የጎረቤት ተማሪ ጫማ በነጻ ሲሰፉ ድርጅቱ ፎቶ አንስቶ ከሰሳቸው። ሕጉ ገዢን መጠበቁን አልጠላም፤ ሸጦ ፊት ለፊት የሚከፍት ሞልቷል። ግን ወስፌ የያዘ ሽማግሌ የማንን ገበያ ዘረፈ? ችሎት ቆመው "ሱቄን ሸጥኩ፤ እጄንም ነው እንዴ የሸጥኩት?" ብለው ጠየቁ። የዳኛው መልስ "ውሉን ፈርመዋል" ሆነ።

አሁን ልናገረው፤ ሙት አይከሰስም። ከዚያ ወዲህ ጫማው በባለቤታቸው በኩል ይገባ ጀመር። ጢሙ ደረቱን የሸፈነ የከባድ መኪና ሹፌር ሳይቀር፣ ቦቲውን በፌስታል ጠቅልሎ "ቀሚስ ላሳጥር ነው" እያለ ይመጣ ነበር። እሳቸውም ድምፁ እንዳይሰማ መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልለው ጓዳ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ያልነኩ ሰው እንደ ሌባ ተደበቁ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰባት ወር ታመው፣ እገዳው ሊያበቃ አርባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው አረፉ። ሐኪሙ ልብ ነው ብለው ጻፉ። ይጻፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው እዚህ ቆመዋል።

ልጆቼ፣ እስቲ ጎንበስ በሉና የቆማችሁበትን ጫማ እዩ። ስፌቱን ታውቁታላችሁ። የከሰሱንም ካሉ ይምጡና ይቁጠሩት። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ወስፌያቸውን የሚቀማ በሌለበት ደጃፍ ላይ ያስቀምጥልን።