የውሾችህ ፉጨት

ወርቁ የኔ ሆድ፣

ይህን የምጽፍልህ ካገርህ ከሸዋ ቤንች ነው፤ ከገዛ ቤትህ በረንዳ ላይ ሆኜ። ከተለየኸኝ ዓመት አልፏል። ሙት ዓመትህን አውጥቼ፣ ደብረ ብርሃን ያለውን ቤት ለአከራያችን አስረክቤ መጣሁ። ውሾችህ ደህና ናቸው። ከነሱ የምጀምረው አንተም መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ እነሱ መሆኑን ስለማውቅ ነው። እኔም አለሁ፣ ከጠየቅክ።

ዛሬ ሳልደብቅ ልንገርህ፤ በነዚህ ውሾች ስቀና ነው የኖርኩት። ሌላዋ ሴት በጣውንት ትቀናለች፣ እኔ በመቻልና በልጁ በሻሼ ቀናሁ። ከነሱም በፊት በነበረችው በመቻል እናት ቀንቻለሁ። ለጎረቤት አይወራ፣ ለንስሐ አባት አይነገር። ምን ብዬ? አባቴ፣ ባሌ ውሻ ወደደብኝ ልበል?

የጭነት መኪናህን አስፋልቱ ዳር አቁመህ ወደ ቤት ስትመጣ፣ ገና ከቅያሱ ሁለት እጅህን ገጥመህ በመዳፍህ ታፏጫለህ። ረዘም ይላል፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ መጨረሻው ላይ ወደ ታች ይወርዳል። እነሱ ካሉበት ተፈትልከው በሩ ላይ ይደርሱና ሰፈሩን በጩኸት ያናውጡታል። እኔ ከስፌት መኪናዬ ቀና ሳልል "መጣላቸው" እላለሁ። መጣልኝ ብዬ አላውቅም። ከዚያ ጩኸታቸው ሲሰለቸኝ እያጉረመረምኩ ተነስቼ በሩን እከፍትልሃለሁ።

ባገሬ ማታ ያፏጨ እባብ ይጠራል ይባላል፤ ጎረቤቶቻችን ስንቴ እንዳማረሩብህ ታስታውሳለህ። እኔ ግን የጠየቅኩህ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ለመሆኑ ለማን ነው የምታፏጨው ብዬ። ጫማህን እያወለቅክ ቀና ብለህ አየኸኝና "ለሚሰማኝ" አልክ። ፈገግታህን ደግሞ አልረሳውም። የሚሰሙህ እነሱ ናቸው ማለት ነው ብዬ፣ ራትህን አቅርቤልህ ሳልበላ ተኛሁ።

ፉጨቱስ ይሁን። ቋንቋህን ለነሱ መስጠትህ ነበር የባሰው። ከኔ ጋር አማርኛ፣ ከነሱ ጋር ቤንችኛ። ልጅ አልሰጠንም፤ ቢሰጠን ኖሮ ለልጅህ የምታወራውን ነበር ለመቻል የምታወራለት። አስተምረኝ ብዬ ለምኜህ ነበር። አንድ ቃል አስያዝከኝ፣ ደግሜ ስለው ሆድህን ይዘህ ሳቅክ። ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት ሌላ፣ ዝቅ ሲያደርጉት ሌላ ነው፣ አሁን ሰው ተሳደብሽ አልከኝ። ተውኩት። ውሻ የገባው ነገር ለኔ ሳይገባኝ ቀረ ብዬ አንጀቴ አረረ።

ሆስፒታል እያለህስ? ድምፅህ ደክሞ፣ እጄን ይዘህ፣ "አደራ፣ ውሾቹን አገሬ አድርሺልኝ" አልከኝ። ጆሮዬን አስጠግቼ ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቅኩ። የኔን ድርሻ መጠበቄ ነበር። አንተ ግን አይንህን ከደንክ፣ ከዚያ በኋላም ስለ እኔ ለማንም አደራ ሳትል ሄድክ። ዘመዶችህ አስከሬንህን ወደዚህ ሲያመጡት፣ እኔ አብሬ መጥቼ ቀብሬህ እስክመለስ፣ ያን ሁሉ መንገድ ያለቀስኩት በሐዘን ብቻ አልነበረም። ተናድጄም ነበር።

እህቴ የባሰ አለ አገርህን አትልቀቅ አለችኝ። ውሾቹን ለሰው ስጪና እኔ ጋ ግቢ ብላ ለመነችኝ። አደራ በላ አልሆንም፣ ለወንድምህ ለጥላሁን አስረክቤያቸው እመለሳለሁ አልኳት። ቁርጤ ይህ ነበር። እሱ ቤትህን ጠርጎ እንደሚጠብቀኝ በስልክ ቢነግረኝም፣ ቋንቋውን በማላውቀው አገር፣ አንተ በሌለህበት፣ የማን ነኝ ብዬ እቀመጣለሁ?

አንተው መንዳት ባስተማርከኝ አሮጌ ፒካፕ ተነሳን። ኋላውን በሸራ ሸፍኜ፣ ከስፌት መኪናዬ ጎን ጋቢህን አነጠፍኩላቸው። ሻሼ እሺ አለች። መቻል ግን ዘሎ ወርዶ ጋቢና በር ላይ ቆመ። ብጎትተው፣ ብቆጣው አልሰማኝም። በመጨረሻ ከጎኔ አስቀመጥኩት። እስከ አዲስ አበባ ድረስ መንገዱን ትቶ እኔን ያየኝ ነበር። በዚያ ወንበር ላይ ምን ትሠሪያለሽ፣ ባለቤቱ የት አለ የሚል ይመስላል። አንተን ሲያጅብ እንዲህ አያፈጥም ነበር፣ አውቃለሁ፣ ጭንቅላቱን ጭንህ ላይ ጥሎ ይተኛ ነበር።

ከጊቤ ማዶ አንድ ኬላ ላይ ፖሊሱ ሸራውን ገልጦ ምን ጭነሻል አለኝ። ውሻ አልኩ። ወዴት ሲለኝ ሚዛን አልኩት። ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው፤ ሚዛን ውሻ ጠፍቶ ነው ብለው ተሳሳቁብኝ። ከዚያ ጅማ ላይ ያልጋ ቤቱ ዘበኛ ውሻ አይገባም አለ። ለነሱ ግን የሥጋ ፍርፋሪ አመጣላቸው፣ ዕድሜያቸውን ጠየቀኝ፣ መንገዱ እንዳላደከማቸው ጠየቀኝ። ስለ እኔ ድካም የጠየቀ የለም። ሻሼንም ከነጋቢህ አስገብቼ ጋቢና ውስጥ አደርን። ብርዱ ሲጠናብኝ ጋቢህን ከሥራቸው ስቤ ለበስኩት። ያንተን ጠረን ስፈልግ የውሻ ጠረን አገኘሁ። ጠረንህንም ወስደውብኛል ብዬ አለቀስኩ፣ መቻልም እግሬ ላይ ወጥቶ ተኛ።

ከቦንጋ በኋላ ጫካው መንገዱን ከሁለት በኩል ሲያጥረው አፍንጫቸውን በመስኮት አወጡ። በደብረ ብርሃን ብርድ ተወልደው ያደጉ ውሾች ወደ አገራቸው የሚገቡ መሰሉ። በዚህም ቀናሁ። ሚዛን ስንገባ ዝናብ ነበር፤ ጥላሁን በባጃጅ ወጥቶ ተቀበለንና ከፊት እየመራ አመጣን።

ቤትህ ያማረ ነው፤ ለቀብርህ ስመጣ በለቅሶ መሐል አላየሁትም። ቡናህ ቀልቷል። ጥላሁንና ሚስቱ አልማዝ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ሰው ተቀበሉኝ። አልማዝ አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ የተቀቀለ ጎደሬ አቀረበችልኝ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን፣ ሚጥሚጣ የገባበትን ሰጠችኝ። አንዴ ስጎነጭ ትን ብሎኝ አሳቅኳቸው። ዕቃዬን ግን አልፈታሁም። ሰኞ እመለሳለሁ ብዬ ለእህቴ ደወልኩላት።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ነው። እኔና አልማዝ ምድጃው ጋ ተቀምጠናል፣ ውሾቹ ደጃፉ ላይ ተኝተዋል። ከቡናው ውስጥ፣ ከታች ከቁልቁለቱ፣ ያ ፉጨት መጣ። ራሱ ነው ወርቁ። ረዘም አለ፣ ከፍ ዝቅ አለ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ታች ወረደ። መቻልና ሻሼ ተፈትልከው ወጡ፣ አጥሩ ጋ ደርሰው ግን ጩኸታቸውን አቋረጡ። የመጣው ጥላሁን ነበር። መቻል አሸተተውና እዚያው ተኛ።

እኔ ግን የማየው ውሾቹን አልነበረም። አልማዝ የያዘችውን ጎደሬ አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ተነስታ ሄዳ በሩን ከፈተችለት። ማንም ክፈቺ አላላትም።

ጥላሁን እንደገባ ውሾቹን ነው የጠራሃቸው አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ።

"ለውሻማ ማን ይህን ያህል ይደክማል?" አለ። "ሚስቴን ነው የጠራሁ። 'ባለቤቴ፣ ደርሻለሁ፣ በሩን ክፈቺልኝ' ነው ያልኳት።"

እጆቹን ገጥሞ እንደገና አፏጨልኝና ቃሉን በአፉ ደገመው። በናንተ አገር ወንድ በፉጨት ይነጋገራል ለካ። የሚያፏጨውም ዜማ ሳይሆን ራሱ ቋንቋው ነው፤ ያ አልቻልኩበትም ብዬ የተውኩት ከፍ ዝቅ። አባታችሁም እናታችሁን የሚጠራት እንዲሁ ነበር አለኝ።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ አልማዝ መጥታ እስክታቅፈኝ ድረስ አለቀስኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚያ ቅያስ ላይ እኔን ስትጠራኝ ኖረሃል! የኔን ጥሪ ውሾች እየቀደሙኝ ሲሰሙልህ፣ እኔ ስፌቴ ላይ አቀርቅሬ ቅናቴን ስጠቅም። ለምን አልነገርከኝም ብዬ መቃብርህ ላይ ሄጄ ተጨቃጨቅኩህ፤ ሰምተህ ይሆናል። ስቀና ማየት ደስ ይልህ ነበር፣ አንተ ክፉ። ያቺ ፈገግታህ ነገረኛ እንደሆነች ጠርጥሬ ነበር።

ግን አንድ ነገር አስቤ ተጽናናሁ። ክፈቺልኝ ስትል ሁልጊዜ ከፍቼልሃለሁ። ተናድጄም ቢሆን፣ እያጉረመረምኩም ቢሆን፣ አንድም ቀን ደጅ አላሳደርኩህም። ሳልሰማህ እሰማህ ነበር ማለት ነው። አገሬ አድርሺልኝ ያልከውም ውሾቹን ይሁን እኔን፣ አሁን አልመረምርም። ደርሰናል።

ሰኞ አልሄድኩም። ዕቃዬን ፈታሁ፣ የስፌት መኪናዬን በረንዳህ ላይ አቆምኩ፤ አልማዝ የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ሆናለች። እህቴ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ፣ ይበርድላታል። ፉጨቱን እየተማርኩ ነው። እዚህ ሴት አታፏጭም ብለው ይስቁብኛል፣ እስካሁን የወጣልኝም ትንፋሽ ብቻ ነው። ቢሆንም እስኪሆንልኝ አልተውም፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ያ ጥሪህ ከአፌም ከጆሮዬም አይወርድም።

ቅናቴ ለቀቀኝ እንዳልልህ፣ አልለቀቀኝም። እነሱ አሁንም አመሻሹ ላይ ጆሮአቸውን ቀስረው ወደ ቡናው ያያሉ። እኔም ስፌቴን አቁሜ አያለሁ። የመጣህ ቀን ግን በሩ ላይ የምቀድመው እኔ ነኝ። መቻል አርጅቷል።

ያንተው፣
በሩን የምትከፍትልህ