ሙባረክን ያባበለችው ሐያት ናት

ቡታጅራ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9

ዛሬ በሐያት ቀናሁ። መቅናት ብቻ አይደለም፣ ዓይኗን ማየት አስጠልቶኝ ዋለ። ሁለታችንም ሕፃናት ማቆያው ውስጥ ተለማማጅ ሞግዚቶች ነን፤ ወሩ ሲያልቅ ግን የሚቀጥሩት አንዳችንን ብቻ ነው።

ጠዋት ሙባረክ የሚባል አዲስ ልጅ መጣ። ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከጉራግኛ ሌላ አይሰማም። እናቱ ትታው ገበያ ስትሄድ በሩ ሥር ተንከባሎ አለቀሰ። አቀፍኩት፣ ኳስ ሰጠሁት፣ ዘፈንኩለት። እየገፈተረኝ አንድ ቃል ይደጋግማል። ወላጆቼ ጉራጌ ቢሆኑም ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ ምን እንደሚል አልገባኝም።

ሐያት ከማድ ቤት ብቅ ብላ በቋንቋው አነጋገረችው። ወዲያው ዝም አለ። ለካ ውሃ ጠምቶት ነው። ጠጥቶ ጀርባዋ ላይ ተኛ። ኃላፊያችን እትዬ አስቴር በር ላይ ቆመው ፈገግ ሲሉ አየኋቸው።

ምሳ ላይ ሐያት፣ “ትንሽ ትንሽ ላስተምርሽ?” አለችኝ።

“ተዪው፣ እሰማለሁ” አልኳት። እንደማልሰማ ታውቃለች፤ ግን አላሳፈረችኝም። ይበልጥ ያናደደኝ ይሄ ደግነቷ ነው።

ከሥራ እንደወጣሁ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ደወልኩ። “ለምንድን ነው ጉራግኛ ያላስተማርሽኝ?” ብዬ ጮህኩባት።

“ሕፃን ሆነሽ ስታለቅሺ በምን ቋንቋ የማባብልሽ ይመስልሻል?” አለችኝ። “ትምህርት ቤት ስትገቢ ልጆች ሳቁብሽና፣ ሁለተኛ በሱ እንዳታናግሪኝ አልሽ።”

ስልኩን ዘግቼ ይሄን ደብተር አወጣሁ።

ነገ ሙባረክ ይመጣል። ሐያትን ለምኜ መማር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ አሁንም ግን ስሟን ስጽፍ ያንገበግበኛል።