ድንጋዩን የያዘው ቀጭን ክር

መተማ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለኪዳን፣

እንደምን ከረምህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሰሊጡ ታጭዶ ቆሟል። በጤና ጣቢያው ሥራ ግን የወባ ጊዜ ስለሆነ ፋታ የለንም።

በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሰሊጥ አውርቼ ዘጋሁት። ብጽፈው ይሻላል አልሁ።

ሚስትህ ፖርት ሱዳን፣ ባሕሩ ዳር ቋጥኝ ላይ ቆማ ዓሣ ስታወጣ የላክኸውን ቪዲዮ አየሁ። መጀመሪያ አላይም ብዬ ነበር። ጎረቤታችን ባንቺአየሁ፣ መቼም ታውቃታለህ፣ ስልኩን ዓይኔ ሥር ደቅና «ኧረ ሀብትነሽ፣ ይችማ ቁርጥ አንቺን!» አለችኝ። ተቆጥቼ ነጠቅኋት። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አትጠይቀኝ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጓንግ ወንዝ ላይ አምባዛ ሳጠምድ የኖርሁ ነኝ፤ የአጥማጅ እጅ አይቼ አውቃለሁ። ያ ናጂል የምትሉት ቀይ ዓሣ ከባሕሩ ወለል ላይ፣ ድንጋይ ሥር ተሸጉጦ ነው የሚኖረው ብለኸኛል። እሷ ግን አትቸኩልም። ክሩን በጣቷ ይዛ ታዳምጣለች። ሲነካላት አንዴ ሳብ! ጉድጓዱ ሳይገባ ወደ ላይ! ኧረ እጇ ይባረክ!

ከሁሉ የገረመኝ ግን አስተሳሰሯ ነው። እኛ መንጠቆውንም ክሩን የሚያሰጥመውን ድንጋይም በአንድ ክር ነው የምናስር፤ ድንጋዩ ከተሰነቀረ ሁሉም እዚያው ይቀራል። እሷ ድንጋዩን ለብቻው በቀጭን ክር ታንጠለጥለዋለች። ሲሰነቀር ቀጭኑ ይበጠሳል፤ ዓሣው ይመጣል። ስንት መንጠቆ ጓንግ ውስጥ ቀብሬያለሁ! ይህን ሳላስበው ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞላኝ።

ቅዳሜ፣ ጾሙ ሳይገባ ብዬ ወረድሁ። ድንጋዩን በልብስ መስፊያ ክር አሰርሁት። አምባዛው ያዘ፣ ድንጋዩም ተሰነቀረ። ስስበው ቀጭኑ ጧ ብሎ ተበጠሰና ክንድ የሚያህል ዓሣ ይዤ ተመለስሁ። ባንቺአየሁ «ማን አስተማረሽ?» ብትለኝ «ምራቴ» አልኋት። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሩፊዳ ብዬ ስሟን ሳልጠራ «ያች ልጅ» ስላት ኖሬ!

ያለ እምነታችን አገባህ ብዬ ፊቴን አዞርሁብህ። ለፋሲካ «ይዣት ልምጣ ወይ?» ስትለኝ ዝም አልሁህ። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል፤ ይቅር በለኝ።

መልሴ ይኸው፦ መንገዱ ሰላም ሲሆን ይዘሃት ና። ስለ ገበታውም አትጨነቅ። ሥጋችን ቢለያይም ዓሣ ባራኪ አይፈልግም፤ ከአንድ ትሪ እንበላለን። ጓንግ ዳር እኔ የምቀመጥባትን ድንጋይ ለአንተ እንኳ አሳይቼህ አላውቅም፣ ዓሣ ታስደነግጥብኛለህ ብዬ። ለእሷ አሳያታለሁ።

ፈጣሪ ከማዕበሉም ከጦርነቱም ይሰውራችሁ። የወለዳችሁትን ለመሳም ያብቃችሁ።

የሩፊዳና የኪዳን እናት፣
ሀብትነሽ